ተወካያችን ሪፖርት ሲያቀርቡ ምን እንጠይቅ?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀበሌ ግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ምርጥ ዘር ነበር። እሱን በየማሳችሁ ስለምነግራችሁ ዛሬ ስለ ሕግ ልናገር አስፈቅጃለሁ። ዲፕሎማዬ የዕፅዋት ሳይንስ ስለሆነ እንደ ሕግ ባለሙያ እንዳታዩኝ አደራ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ ወርደው ስለ ጸደቁት አዋጆች ይናገራሉ። በ2016 ክረምት በቀበሌያችን አዳራሽ እንዲህ ያለ ስብሰባ ነበር። ተወካያችን የአዋጆቹን ቁጥር እየጠሩ አንድ ሰዓት ያህል አስረዱን። አንዱ በዚያው ዓመት ግንቦት የጸደቀው፣ የ1997ቱን አዋጅ ቁጥር 456 የተካው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ነበር። «አርሶ አደሩ የመሬት መጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር ይችላል» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም አጨበጨብኩ።

በማግስቱ አንዲት እናት የይዞታ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ በዚህ ብበደርና መክፈል ቢያቅተኝ መሬቴ ይወሰዳል?» አሉኝ። «አይወሰድም፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም» ብዬ ሸኘኋቸው። አዋጁን ግን አላነበብኩም ነበር። ከስብሰባው የሰማሁትን ነው መልሼ የሰጠኋቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ነጋሪት ጋዜጣውን አግኝቼ አነበብኩት። የነገርኳቸው ግማሹ ብቻ ልክ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ባንክም ባለቤት ሊሆንበት አይችልም። ነገር ግን ዕዳው ካልተከፈለ የመጠቀም መብቱ በውሉ ለተወሰነው ጊዜ ወደ አበዳሪው ሊያልፍ ይችላል። ጓሮአቸው እንሰት ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዛሬ ያልተተከለው ከዓመታት በኋላ ረሀብ ሆኖ ይመጣል።

ቤታቸው ሄጄ ስህተቴን ነገርኳቸው። ደግነቱ ገና አልፈረሙም። ትንሽ አሰቡና «ስንት መኸር ነው የሚይዙት? እስከዚያ እኔ ምን እበላለሁ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ በአዳራሹ ማንም አላነሳውም፤ እኔም ጭምር።

ብድሩን እየተቃወምኩ አይደለም። ለማዳበሪያ ገንዘብ አጥቶ በአራጣ የሚበደረውን አርሶ አደር ሁላችንም እናውቀዋለን። የአማራ ክልልም ይህን ዓይነት ማስያዣ በራሱ አዋጅ ቁጥር 252/2009 አስቀድሞ ፈቅዶ ነበር። የኔ ቅሬታ ሪፖርቱ ቁጥር ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተወካዩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል። ለሕዝብ ተገዢ ከሆኑ ደግሞ፣ ሲመጡ «የትኛው አንቀጽ? ካልከፈልኩስ? ለስንት ዓመት?» ብለን ብንጠይቃቸው ድፍረት አይሆንብንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የመሬት ሕግን የሚያወጣው የፌዴራሉ ምክር ቤት ቢሆንም፣ በሕጉ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልል ነው። ስለዚህ የክልል ምክር ቤት ተወካያችንንም ጠርተን ክልሉ ምን ደንብ እንዳወጣ መስማት አለብን። እስካሁን የጠራናቸው አይመስለኝም።

ዩኒየኑን የምጠይቀው የአዋጁን ቅጂ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ቢሮ እንዲያስቀምጥ ነው። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ቀን፣ ወረፋ ስትጠብቁ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ላነብላችሁ ፈቃደኛ ነኝ። እኚያ እናትም ከፊት እንደሚቀመጡ ነግረውኛል።