የበረት ፍግ ሀብትም ነው፤ መርዝም ነው



በወላይታ ምድር እበት እንደ ጉድፍ አይቈጠርም። ባላገሩ በማለዳ ከበረቱ ጠርጎ በጓሮው እንሰት ሥር ያፈስሰዋል። እንሰቱ በፍጉ ይወፍራል፤ ቤተ ሰቡ ከእንሰቱ ይመገባል፤ ቅጠሉም ተመልሶ ለከብቱ መኖ ይሆናል። ይህን ሥርዐት ያቆመው ልማድ እንጂ ደንብ አይደለም።

ነገር ግን ሰንጋ ማድለብ ንግድ ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። አንድ የሚደልብ በሬ በቀን 20 ኪሎ ግራም ያህል እበት ይጥላል። ይህ ሁለት በሬ ላለው ገበሬ በረከት ነው። 50 ሰንጋ በአንድ በረት ለሚያስር ነጋዴ ግን በየቀኑ 1 ቶን፣ በሦስት ወርም 90 ቶን ይሆንበታል። የሚቀበለው ጓሮ ከሌለ ወዴት ይሄዳል?

እንዲህ ያለ በረት በዲምቱ ከተማ ዳር ተሠራ እንበል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ እበቱን እየጠረገ ወደ ምንጩ ያወርደዋል፤ የተረፈውም ወደ ብላቴ ወንዝ፣ በብላቴም በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ይደርሳል። ወደ መሬት የሰረገውም የጉድጓዱን ውኃ በናይትሬት ይበክለዋል፤ ይህም የሕፃናትን ደም አየር እንዳይሸከም ያደርጋል። ትርፉ ለአንዱ፣ ሕመሙ ለጎረቤቱ ይሆናል ማለት ነው።

ሕግ አልጎደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የሁሉ መብት አድርጎታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲከፍል ደንግጓል። የጎደለው ከማኅተም በፊት የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ፈቃድ ጠያቂውን ስለ ካፒታሉና ስለ በሬዎቹ ቍጥር እንጠይቀዋለን፤ ስለ እበቱ ግን ዝም እንላለን።

«ጉድጓድ አስቆፍር ብንለው ንግዱን ይተዋል» የሚል አይጠፋም። አስተያየቱ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ሆኖም ወጪው አይቀርም፤ ከነጋዴው ኪስ ወጥቶ ወደ ድኻው ጎጆ ይዛወራል እንጂ። ደግሞም ወለሉ የተለሰነና ክዳን ያለው ጉድጓድ ኪሳራ ብቻ አይደለም። የበሰለው ፍግ ለእንሰት ባለቤቶች ይሸጣል፤ በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም እንደ ታየውም፣ እበት ለወጥ መሥሪያና ለመብራት የሚሆን ጋዝ ይሰጣል።

እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛ የሆንህ ወዳጄ፣ የማድለቢያ ፈቃድ ማመልከቻ ከጠረጴዛህ ሲደርስ ሦስት ነገር ጠይቅ፤ በረቱ ከምንጩ በታች ነው ወይስ በላይ? ጉድጓዱ የክረምቱን ዝናብ ይችላል? ፍጉን የሚወስድ ማን ነው? መልስ ካላገኘህ ብዕርህን አታንሣ። የሰንጋውን ሥጋ የምንበላ እኛ ነንና፣ እበቱን ሌላው እንዲጠጣ መፍረድ አይገባንም።