ወጨጫን እንወቀው
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጃፓንን የፉጂ ተራራ በሥዕል ያላየ ከመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ከሰበታ ራስጌ የቆመው፥ ከቡራዩም የሚታየው ወጨጫ ራሱ እሳተ ገሞራ እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ፉጂ የተሠራው የምድር ቅርፊት አንዱ ክፍል ከሌላው ሥር በሚገባበት ስፍራ ነው። ወጨጫ ግን ምድር ተለጥጣ በተሰነጠቀችበት በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ፥ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ተሠራ። ትራኪት የሚባለው ቅልጥ አለት እንደ ገንፎ የወፈረ ስለሆነ፥ ርቆ ሳይፈስ በወጣበት ዙሪያ እየተከመረ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ አለ። በሱሉልታና በአዲስ አበባ መካከል ያለው እንጦጦም ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው፤ በዕድሜም ወጨጫን በብዙ ይቀድማል።

ፉጂ በ1707 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ አዲስ አመድ ለበሰ፤ ዛሬም ሕያው ነው። የወጨጫ እሳት ግን ጠፍቷል። ጎርፍ ያጠበውን አፈር፥ ሰው የፈለጠውን ድንጋይ የሚተካበት ኃይል የለውም። በምዕራብ ገጹ አፈሩን ይዞ ያቆየው የመናገሻ ሱባ ደን ነው፤ የዝናቡንም ውሃ ወደ አለቱ ስንጥቅ የሚያሰርገው ይኸው አፈር ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፥ ተራራው ራሱን አያድስም። ጠባቂው እኛ ነን።