ሌዘር ዳዮድና የቮልቴጅ ምንጩ



በቤተ ሙከራ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ «ሌዘሩን በስንት ቮልት ላሠራው?» የሚል ነው። ዳዮዱ ግን የሚፈልገው የተወሰነ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው፤ ጅረቱ ለቅጽበት እንኳ ከልኩ ካለፈ ዳዮዱ ይበላሻል።

በኤል ኤም 317 የሚሠራውን ቀላል ሰርኪዩት እንውሰድ። 1.25 ቮልትን ለ12.5 ኦም ስናካፍል 100 ሚሊ አምፔር እናገኛለን። ቀይ ዳዮድ 2.2 ቮልት ያህል፣ ሬዚስተሩ 1.25፣ ተቆጣጣሪው ራሱ 2 ቮልት ያህል ይፈልጋሉ፤ ድምሩ 5.5 ገደማ ነው። ስለዚህ ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር አስተማማኝ አይሆንም። 9 ቮልትም 12 ቮልትም ይበቃሉ፤ ጅረቱ በሁለቱም ያው ነው። የሚለየው ሙቀቱ ነው፤ ተቆጣጣሪው በ9 ቮልት 0.56 ዋት፣ በ12 ቮልት 0.86 ዋት ገደማ ወደ ሙቀት ይለውጣል።

ዳዮዱ ሳይገናኝ ሰርኪዩቱ ከበራ፣ በመውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር እስከ ምንጩ ቮልቴጅ ድረስ ሊሞላ ይችላል። ዳዮዱ በዚያ ጊዜ ቢገናኝ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል፤ ምንጩ ከፍ ባለ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ምንጭ ስትቀይሩ አስቀድማችሁ አጥፉ፣ ካፓሲተሩን ባዶ አድርጉ፣ ዳዮዱን አገናኙ፣ ለጨረሩ የሚስማማውን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ከዚያ አብሩ። ለተቃጠለ ዳዮድ ምትክ ይገኛል፤ ለዓይን ግን የለም።