ማሞቂያ በሌለው ወርክሾፕ የማሽን ኤሌክትሮኒክስን ከጤዛ መጠበቅ



ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቆረቆረችው በደብረ ብርሃን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ መውደቁ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም። ውርጭ በገብስና በባቄላ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስለሚያድረው ማሽን ግን እምብዛም አይነገርም። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቶርኖ ወይም ፍሬዛ ብዙውን ጊዜ በብድር የተገዛ ነው። ሰርኪዩት ቦርዱ ቢቃጠል ምትኩ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እስኪመጣም ሠራተኛው ያለ ሥራ፣ ባለቤቱም ዕዳውን እየቆጠረ ይቀመጣል።

ብዙዎች ጥፋቱን በብርዱ ያሳብባሉ። እርግጥ ነው፣ ቅዝቃዜ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተርን ውስጣዊ ተቃውሞ ከፍ ያደርጋል፤ ስክሪንን ያዘገያል፤ ቅባትን ያወፍራል። ነገር ግን የብዙዎቹ የሞተር መቆጣጠሪያዎች የሥራ ወሰን ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚጀምር፣ የእኛ ወርክሾፖች ብርድ ብቻውን ያን ያህል አያሰጋም። እኔ የምፈራው ጤዛውን ነው።

ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ ያለው ተንም ጠብታ ሆኖ ማሽኑ ላይ ይወርዳል። ይህ የሚታየው ነው። የማይታየው ይብሳል። ከባድ ብረት ጠዋት የሚሞቀው ቀስ ብሎ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ፀሐይ የነካው አየር ይገባል፤ ሰው ይተነፍሳል፤ ሻይ ይፈላል። 20 ዲግሪ የሞቀና 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር፣ 9 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነ ገጽ ሲነካ ጤዛ ይጥላል። ሌሊቱን 4 ዲግሪ ላይ ያደረ የመቆጣጠሪያ ሣጥን እንግዲህ ይረጥባል። ማብሪያው የሚጫነውም ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ቡታጋዝ ማንደድ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። 1 ኪሎ ቡታጋዝ ሲነድ ግን 1 ኪሎ ተኩል የሚያህል ውኃ በተን መልክ ወደ ክፍሉ ይገባል። ከሰልማ ሰው ይገድላል።

እኔ የምመርጠው ክፍሉን ትቶ ሣጥኑን ብቻ ጥቂት ማሞቅ ነው። 5 ዲግሪ ላይ 90 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ እርጥበቱ ወደ 64 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ባለ 40 ዋት ማሞቂያ 12 ሰዓት ቢሠራ የሚፈጀው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከሣጥኑ ግርጌ፣ ከሽቦና ከፕላስቲክ ርቆ፣ ከቴርሞስታት ጋር ይታሰር። መስመሩ ከዋናው ማብሪያ በፊት በራሱ ፊውዝ ይሳብ፤ አለዚያ ማታ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይጠፋል። ዋናው ማብሪያ ቢጠፋም ይህ መስመር ኤሌክትሪክ እንዳለበት በሣጥኑ በር ላይ በግልጽ ይጻፍ። የኬብል መግቢያ ቀዳዳዎችም ይደፈኑ።

ሌሊት መብራት ከጠፋስ? መብራቱ ሲመለስ መጀመሪያ ማሞቂያው ብቻ ይሥራ፤ የሣጥኑ የውስጥ ብረት ቢያንስ የክፍሉን አየር ያህል ሳይሞቅ ማሽኑን አታስነሡ። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ሥራ አስኪያጆች ይህን ጥበቃ አይወዱትም። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም።