ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ዛሬም የማወራው ስለ ሂሳብ ነው። ለውይይት የቀረበልን ጥያቄ፣ ከማኅበራችን ተዘዋዋሪ ብድር ለቴሌቪዥን፣ ለስልክና ለፍሪጅ መግዣ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚል ነው። አስተያየቴን ከመስጠቴ በፊት የዚህን የሰፈራችንን ታሪክ ትንሽ ላንሣ።

ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ፣ ጊዮርጊስ ደጅ፣ የከተማው ትልቁ ገበያ ይቆም ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ ማለት ነው። የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴዎችም በዚሁ በአራዳ ሱቅ ከፍተው ነበር። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ፣ በግመልና በበቅሎ ይመጣ የነበረው የባሕር ማዶ ዕቃ በዛ።

አቡጀዲን እንውሰድ። መጀመሪያ ከአሜሪካ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ርካሹ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ያዘው። ርካሽ ልብስ ለድሃ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጥጥ ፈትላ ለምታድር ሴት ተፎካካሪ መጣባት። በእጇ ትሠራው የነበረውንም በብር መግዛት ጀመረች። በዚያው መንገድ ደግሞ የስፌት መኪና ገባ። እሱም የውጭ ዕቃ ነው፤ ግን ስንቱን ቤተሰብ አሳደረ! እንግዲህ ዋናው ጉዳይ ዕቃው ከየት መጣ ሳይሆን፣ ቤት ከገባ በኋላ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

ወደ ዛሬ ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ እኅቶች አሉን። አዲስ ቤት አዲስ ዕቃ ይጠራል። አንዱ ቤት ትልቅ ስክሪን ሲሰቀል የጎረቤቱ ያነሰ ይመስላል። ትናንት ያልጎደለን ነገር ዛሬ እንደጎደለን ይሰማናል። የዕቃው ዋጋ ደግሞ በእኛ እጅ አይደለም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ በ500 ዶላር የሚገዛ ዕቃ ከ28,500 ብር ተነሥቶ 50,000 ብር ደረሰ ማለት ነው፤ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመር። ደመወዛችን ግን እንደዚያ አልጨመረም።

ታዲያ እንከልክል? መንግሥት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የግል መኪና፣ አልኮልና ሽቶ ጭምር ያሉባቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ከልክሎ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ። እኛም የዕቃ ስም እየዘረዘርን ብንከለክል አይጠቅመንም። ፍሪጅ ለአንዷ የቤት ምቾት ነው፤ እርጎና ጭማቂ ለምትሸጠው ግን የሥራ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ብድር ጠያቂዋ ሦስት ነገር በወረቀት ታስፍር እላለሁ፦ ዕቃው ስንት ያወጣል? በየወሩ ለመብራት፣ ለካርድ፣ ለጥገና ስንት ይበላል? በየወሩስ ስንት ያስገባል? ለምሳሌ የ40,000 ብር ብድር በወር 2,500 ብር ቢከፈል 16 ወር ይፈጃል። የስፌት መኪና በወር 3,000 ብር ካስገባ ዕዳውን ከፍሎ 500 ብር ይተርፋል። ቴሌቪዥን ከሆነ ግን 2,500 ብሩ የሚወጣው ከልጆች ቀለብ ነው።

ቴሌቪዥን ማየት ኃጢአት አይደለም። ደጋፊዎቻችንም ይህን እንዲረዱልን እፈልጋለሁ፤ ድሃ ሴት መዝናናት አይገባትም የሚል የለም። ለዚያ ዕቁብ አለ፣ የግል ቁጠባ አለ። የማኅበሩ ብድር ግን ተዘዋዋሪ ነው፤ አንዷ ሳትመልስ ስትቀር ተራዋን የምትጠብቀው ሌላዋ እኅት ባዶ እጇን ትቀራለች።

ሐሳቤ ይኸው ነው። ተወያዩበትና በድምፅ እንወስን።