የቦታ ስም ሲለወጥ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ስለ ቦታ ስም ነው። «ይኸ ደግሞ ለእድር ምኑ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲህ አንድ አባል ሲያርፍ፣ ከድንኳኑና ከንፍሮው ሌላ፣ ለአገር ቤት ዘመድ መርዶ ማድረስ የእኛው ሥራ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው የትውልድ ቦታ ዛሬ በዚያ ስም የማይጠራ ከሆነስ? ወራሾችም ፍርድ ቤት ሲቆሙ በአንዱ ወረቀት ደብረ ዘይት፣ በሌላው ቢሾፍቱ ተብሎ ቢገኝ፣ ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን የሚያስረዳ ያስፈልጋል። ይኸን ዛሬ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ግን ማን ያውቀዋል?

የከተማችንን ነገር እንኳ ተመልከቱ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቀበሌ ተቋቋመ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተማ ተከፈለች፤ ቀበሌዎች ተዋሕደው ቁጥራቸው ተለወጠ። ቆይቶም ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። ሰውዬው ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል አድራሻው ሦስት አራት ጊዜ ተዛወረ ማለት ነው!

ለዚህ ችግር የዘመኑ ሊቃውንት ኦንቶሎጂ የሚሉት ዘዴ አላቸው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ለሰው የትውልድ ሐረግ እንደምንቆጥረው ሁሉ፣ ለቦታም ሐረግ መቁጠር ነው። ቦታው ለብቻው ይመዘገባል፤ ስሙ ለብቻው፤ ስሙ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ፣ ቦታው በማን ሥር እንደነበረ፣ ከማን እንደተቆረሰ ይጻፋል። ፊንላንዶች ከ1865 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የተዋሐዱና የተከፈሉ ወረዳዎቻቸውን በዚህ መንገድ መዝግበዋል።

ከዚያ ኮምፒውተሩ በተሰጠው ደንብ ራሱ ያመዛዝናል። ሰፈሩ በቀበሌው ውስጥ ነበር፣ ቀበሌው በዚያን ጊዜ በከፍተኛው ውስጥ ነበር ካልነው፣ ሰፈሩም በከፍተኛው ውስጥ እንደነበረ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። «በ1942 ዓ.ም. በቀበሌ እገሌ ተወለደ» የሚል ካርድ ቢያገኝ ደግሞ፣ በዚያ ዘመን የከተማ ቀበሌ አልነበረምና ይጋጫል ብሎ ያስታውቃል። ካርዱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ጸሐፊው በኋለኛው ስም ጻፈው ማለት ነው። ደግሞ ደስ የሚለኝ፣ ያልተጻፈለትን ነገር ሁሉ «የለም» አይልም፤ «አላወቅሁም» ይላል። ከአንዳንድ ሰው ይሻላል።

ሆኖም ስም ከስም ስለተመሳሰለ ብቻ አንድ ነው ብለን ከነገርነው ጉድ ይመጣል። ናዝሬት ብሎ የሸዋውን ሰው ገሊላ ያደርሰዋል! የእኛይቱ ናዝሬት በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሟ ወደ አዳማ ተመልሳለች። ካዛንቺስም ቢሆን ከአንድ ቀበሌ ጋር እኩል አይደለም። ስሙ የመጣው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢንቺስ የሚባለው የጣሊያን መሥሪያ ቤት ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ነው። የሰፈር ስም ድንበር የለውም፤ በሰው አፍ ይሰፋል፣ ይጠባል። በ2017 ዓ.ም. ብዙው የካዛንቺስ ነዋሪ በልማት ምክንያት ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር፣ ስሙን የሚያውቁት ጎረቤቶችም አብረው ተበተኑ። ማሽኑ የሚያመዛዝነው ሰው የነገረውን ነው፤ ነጋሪው ከሄደ ምን ያመዛዝናል?

ስለዚህ ኮምፒውተር እስክንገዛ አንጠብቅ። ከመጪው ወር መዋጮ ጋር እያንዳንዱ አባል የትውልድ ቦታውን በድሮ ስሙና በዛሬ ስሙ፣ በየትኛው ዘመን እንደዚያ ይባል እንደነበርና በየትኛው ወረዳና አውራጃ እንደነበረ ለጸሐፊያችን ያስመዝግብ። ለእማሆይዎችና መጻፍ ለሚቸግራቸው ሁሉ ጸሐፊው ቤታቸው ድረስ ይሄዳል። የወንዙን ስም፣ ደብሩን፣ ገበያው የሚውልበትንም ቀን ጭምር ንገሩት።