ከአራጣ አበዳሪ ጋር ስለ መታረቅ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው በዘንድሮው ስብሰባ ስለ አራጣ ዕዳ ጥቂት እንድናገር ሲያዘኝ፣ «ዕድር የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው፤ የሰው ብድር ምን አገባው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቄ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌ ሆነን የተላክንባቸውን ጉዳዮች መለስ ብለን ብንቆጥር፣ ከባልና ከሚስት ጠብ ቀጥሎ እግራችንን ያቀጠነው ይኸው የአራጣ ጣጣ ነው። ስለዚህ ነገሩን በይፋ ብንነጋገርበት ነውር አይመስለኝም።

መቼም ከቦሌ ሚካኤል እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤና አያት ድረስ አራጣ አበዳሪ ሲባል ቀንድ ያለው ሰው አይደለም። ጎረቤታችን ነው። ቡና አብሮን ይጠጣል፣ ልቅሶ ይደርሳል፣ ማኅበር ይጠጣል። ተበዳሪውም ቢሆን አባካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም ወደሱ የሚሄደው። ደመወዝ በሃያዎቹ ቀናት ውስጥ ያልቃል፤ መስከረም ሲጠባ የልጅ መመዝገቢያ ይመጣል፤ ሐኪም ቤት ደግሞ መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ ይላል። ባንክ ቤት ቢሄድ መያዣ ይጠየቃል። አበዳሪው ግን በአንድ ቀን ውስጥ ቆጥሮ ይሰጣል። ይኸ ፍጥነቱ ነው ሰውን የሚጥለው።

የሃይማኖቱን ነገር ብዙ አልናገርም። ፍትሐ ነገሥት አራጣን እንደሚያወግዝ፣ በእስልምናም ሐራም እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አበዳሪውም ያውቃል፤ ግን አልተወም። እንግዲህ እኔ ለመናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ዕርቅ ከመጠየቃችን በፊት ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሠርተን መሄድ እንዳለብን ነው። ሽማግሌ ባዶ እጁን ሲሄድ ይለምናል። ሒሳብ ይዞ ሲሄድ ግን ይነጋገራል።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2479 ላይ፣ በገንዘብ ብድር ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት በመቶ አሥራ ሁለት እንዳይበልጥ ወስኗል። የወለዱ ልክ በጽሑፍ ካልተወሰነ ደግሞ በመቶ ዘጠኝ ነው የሚታሰበው። በዓመት ነው ያልኩት፤ በወር አይደለም! (የባንኮችና የብድርና ቁጠባ ተቋማት ወለድ በብሔራዊ ባንክ በኩል የሚተዳደር ስለሆነ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከዚህ ጋር አናምታታው።) ሰፈር ውስጥ የምንሰማው ግን «በመቶ አሥር በወር» የሚለው ነው። የባሰም አለ።

በተጨማሪም በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በቁጥር 712 ላይ፣ የሰውን ችግር ወይም የዋህነት መጠቀሚያ አድርጎ ከሕጋዊው ወለድ በላይ ማበደርን ወንጀል ያደርገዋል። ይኸ ሕግ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ግድም ሕዝቡ አንዱን «አይ ኤም ኤፍ»፣ ሌላውን «ወርልድ ባንክ» እያለ ይጠራቸው የነበሩ የአዲስ አበባ ታላላቅ ባለሀብቶች በአራጣ ተከሰው ፍርድ ቤት መቅረባቸውን ታስታውሳላችሁ። ስሙን ያወጣው ሕዝብ ቀልደኛ ነው፤ ዕዳው ግን ቀልድ አልነበረም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አንድ ሰው 20,000 ብር በወር በመቶ አሥር ተበደረ እንበል። በየወሩ 2,000 ብር ይከፍላል። አሥር ወር ሲሞላ 20,000 ብር ከፍሏል ማለት ነው። አበዳሪው ምን ይላል? «እስካሁን የሰጠኸኝ ወለዴን ነው፤ ዋናው 20,000 አልተነካም» ይላል። ሰውዬው አሥር ወር ሲከፍል ኖሮ ዕዳው እንደ መጀመሪያው ቀን ቁጭ ብሏል።

ይኸንኑ በሕጉ ልክ ብናሰላው የ20,000 ብር የወር ወለድ 200 ብር ነው። አሥር ወር ሙሉ ከዋናው ላይ ምንም አልተቀነሰም ብለን ለአበዳሪው አድልተን ብናስብለት እንኳ ወለዱ 2,000 ብር፣ ጠቅላላው 22,000 ብር ይሆናል። 20,000 ተከፍሏል፤ የሚቀረው 2,000 ነው። በየወሩ የተከፈለው ከዋናው እየተቀነሰ ቢታሰብ ደግሞ ቀሪው ወደ 1,170 ብር ይወርዳል። በአበዳሪው አፍ 20,000፣ በሕጉ ከ2,000 የማይበልጥ! ድርድሩ የሚካሄደው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ይኸን ሳያውቅ የሄደ ሽማግሌ «እባክህ ከ20,000 ላይ አምስቱን ማርላት» ብሎ ይመለሳል፤ ታረቅን ብሎም ይደሰታል።

እዚህ ላይ ግን ችግሩን አልደብቅም። ሒሳቡ የሚሠራው የከፈልነውን ማሳየት ከቻልን ነው። አብዛኛው ሰው በእጅ ቆጥሮ ሰጥቶ፣ ደረሰኝ ሳይቀበል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ተባብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እባካችሁ በባንክ ወይም በቴሌብር አስተላልፉ፤ ምክንያቱን በሚጻፍበት ቦታ ላይም «የብድር ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ። በእጅ የግድ ከሆነ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀኑንና ልኩን በደብተር አስፍሩ።

ሁለተኛው ችግር የተፈረመው ወረቀት ነው። አበዳሪው 20,000 ሰጥቶ 26,000 ወይም 30,000 ብሎ ያስፈርማል፤ ወለዱ ከዋናው ውስጥ ተደብቆ ገባ ማለት ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በፍትሐ ብሔር ክርክር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነትና መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም (ቁጥር 2472)፤ ስለዚህ ወረቀቱ ጉልበት አለው፤ በወረቀት የሠፈረውን በምስክር ለማፍረስም መንገዱ ጠባብ ነው። በወንጀል በኩል ግን ምስክርም ሆነ ሌላ ማስረጃ ይሰማል። ይኸን ልዩነት ጠበቃ ያብራራላችሁ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። አቅም የሌላት ሴት ብትሆን የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል።

ከወረቀቱም የከፋው ቼክ ነው። ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ቀኑና ልኩ ያልተጻፈ፣ ፊርማ ብቻ ያረፈበት ቼክ «ለመያዣ» ብሎ ይሰጣል። አበዳሪው በተናደደ ቀን የፈለገውን ቁጥር ሞልቶ ባንክ ይወስደዋል፤ ገንዘቡ የለም ይባላል፤ ጉዳዩ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 የደረቅ ቼክ ክስ ይሆናል። ትናንት በአራጣ የተበደለው ሰው ዛሬ ተከሳሽ ሆኖ ፖሊስ ጣቢያ ይቆማል። «ለዋስትና ነው የሰጠሁት» ማለት በቃል ብቻ አያድንም።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘን ወደ ገርጂ የሄድንበትን ላጫውታችሁ፤ ስም አልጠራም። ሴትየዋ ሱቅ አላት፤ እናቷ ታመውባት 20,000 ተበደረች፤ 26,000 ብላ ፈረመች፤ ባዶ ቼክም ሰጠች። አሥር ወር ከፍላ በአሥራ አንደኛው ሲያቅታት ሰውየው «30,000 ካላመጣሽ ቼኩን እሞላዋለሁ» አላት። እኛ ሦስት ሆነን ሄድን። የመጀመሪያ ቀን በር አልተከፈተልንም። በሁለተኛው ተከፈተና ቆመን ተሰደብን። በሦስተኛው ግን አንድ ነገር ለወጥን፤ የእሱን የዕቁብ ዳኛ ለምነን ይዘን ሄድን። ከኛ ይልቅ እሳቸውን ነው የሚያፍረው። ከናንተ መካከል ሽማግሌ የሚልክ ካለ ይኸን አትርሱ፤ ከላኪ ወገን ብቻ የተሰበሰበ ሽማግሌ ግማሽ ሽማግሌ ነው።

ሰውየው፣ «ጋሼ፣ እኔ በሯን አንኳኩቼ ውሰጂ አላልኳትም፤ እሷው ናት እያለቀሰች የመጣችው» አለ።

«እውነት ነው ልጄ፣» አሉት ዳኛው፣ «በችግሯ ቀን ደርሰህላታል፤ እሱን ማንም አይክድህም። ያበደርካትስ ስንት ነበር?»

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ሃያ» አለ።

«የሰጠችህስ?»

ደብተሯን አወጣን። አሥሩም ክፍያ በቀኑ ተጽፏል፤ ሰባቱ በባንክ የተላለፉ ናቸው። ስለ ፖሊስ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ሰውየው ሕጉን ከኛ የበለጠ ያውቀዋል፤ ክስን እንደ ዱላ ብንመዝበት ኖሮ ወይ ያኮርፋል፣ ወይ ቼኩን በማግስቱ ሞልቶ ይቀድመን ነበር። ማመልከት መብት ነው፤ ካመለከቱም ማመልከት ነው እንጂ በሽምግልና መካከል ማስፈራሪያ ማድረግ አይገባም።

ከ30,000 ጀምሮ ወደ 15,000፣ ከዚያ ወደ 8,000 ወረደ። እኛ 2,000 ላይ ቆመናል። በመጨረሻ በ5,000 ተቆረጠ። ከመካከላችን አንዱ «3,000 ብር በከንቱ ሰጠን» ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል። በሒሳብ ልክ ነው። እኔ ግን ያን 3,000 የቼኩ ዋጋ ነው እላለሁ፤ ሴትየዋም ሌሊቱን መተኛት ፈልጋለች። እዚህ ላይ ሰው ሊለያይ ይችላል።

ስምምነቱን ጻፍነው፤ ሁለቱ ፈረሙ፤ ምስክሮችም ፈረሙ። 5,000 ብር ሲከፈል ከዚህ ብድር የሚነሳ ሌላ ዕዳ እንደሌለ፣ የ26,000ው ወረቀትና ቼኩም በቁጥሩ ተጠቅሶ ለሴትየዋ እንደሚመለሱ ተጻፈ። ገንዘቡ በተቆጠረ ጊዜ ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቼኩ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ፤ ለማንኛውም ገንዘቡን ስጡኝና እፈልጋለሁ።» ዳኛው ብሩን በፖስታ አድርገው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ግድ የለም ልጄ፣ እስክታገኘው እኔ ጋ ይቀመጥ» አሉት። በሁለተኛው ቀን ቼኩ ተገኘ።

ስለዚህ ገንዘቡና ሰነዱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይለዋወጡ። «ነገ አመጣዋለሁ» አይሠራም። እንደዚሁም ያልተከፈለውን ወለድ ከዋናው ጋር ደምሮ አዲስ ወረቀት ፈርሙ የሚል ዕርቅ ዕርቅ አይደለም፤ ብድሩን እንደገና መውለድ ነው። ቤት ወይም መኪና በሽያጭ ውል ወይም በውክልና መልክ ያስያዘ ሰው ደግሞ ለሽማግሌ ከመንገሩ በፊት ጠበቃ ያማክር፤ እሱ ከኛ አቅም በላይ ነው።

ለወጣት ሠራተኞች አንድ ቃል ልጨምር። የደመወዝ መቀበያ ካርድን ከነምስጢር ቁጥሩ ለአበዳሪ ማስያዝ እየተለመደ መጥቷል። በወሩ መጨረሻ አበዳሪው ቀድሞ ያወጣል፤ ሠራተኛው ቀሪውን ለምኖ ይቀበላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው እንኳ፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ቢስማማም፣ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከሲሶው በላይ ሊቆርጥ አይችልም። ሕግ አሠሪውን ሲሶ ላይ ያቆመውን እናንተ ለአራጣ አበዳሪ ሙሉውን አሳልፋችሁ ትሰጣላችሁ? ምስጢር ቁጥሩን ዛሬውኑ ለውጡ፤ ዕዳውን በሌላ መንገድ እንነጋገርበታለን። ለአነስተኛ ገንዘብ የመሥሪያ ቤት ብድርና ቁጠባ ማኅበር አለ፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር እንደ «መላ» እና «እንደኪሴ» ያሉ ብድሮች መጥተዋል። እነሱም ክፍያ አላቸውና ከመውሰዳችሁ በፊት ልኩን አንብቡ።

በመጨረሻ የማነሳው በቀጥታ የዕድራችን ጉዳይ ነው። ባለዕዳው ሲሞት አበዳሪው ድንኳን ድረስ ይመጣል። ሰልስት ሳይወጣ ሚስቲቱን ወይም የበኩር ልጁን ጠርቶ፣ «የአባትህ ስም ከሚጠፋ እዚህች ላይ ፈርም» ይላል። ሐዘንተኛ ደግሞ ስም የሚያነሳለትን ሁሉ ይፈርማል። ይኸን በዓይናችን አይተናል። የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከሟች ሀብት ነው፤ ውርሱ ሲጣራ አበዳሪውም ማስረጃውን ይዞ እንደ ማንኛውም ገንዘብ ጠያቂ ይቀርባል። ልጁ በራሱ ስም አዲስ ወረቀት ከፈረመ ግን የአባቱ ዕዳ የራሱ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው የወሰነውን ላስታውቅ። የዕድሩ ገንዘብ ለማንም ብድር መክፈያ አይወጣም፤ ደንባችን አይፈቅድም። ነገር ግን ድንኳን በተተከለበት ቤት ሁሉ አርባው እስኪወጣ ድረስ ሐዘንተኛው ምንም ዓይነት የዕዳ ወረቀት እንዳይፈርም ተረኞቹ ይጠብቃሉ። ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር ሳትሰድቡ፣ ወንበር ሰጥታችሁ፣ ስሙንና የሚጠይቀውን ልክ መዝግባችሁ ወደ ዕድሩ ጸሐፊ ላኩት። ሒሳቡን ከጸሐፊው ጋር እንቀመጥበታለን።

አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።